ጎዶሎ አበባ

ያቮር አበባ የመግዛት ልምድ እንደሌለው ከሩቅ ያስታውቅ ነበር። አራት ቀይ ካርኔሽን እንደ ብሎን መፍቻ ጨብጦ የሆስፒታሉን ደረጃ ሲወጣ፣ ኔቬና የታመመች የሥራ ባልደረባዋን ጠይቃ እየወረደች ነበር። አልፋው ልትሄድ አሰበች፤ ግን አላስቻላትም።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ሰው ሞቶብህ ነው?»

«ኧረ በስመአብ! ምነው?»

«አበባው አራት ነዋ።»

«አዎ፣ አራት ነው። ሻጯ ሦስት ልትሰጠኝ ስትል አንድ አስጨመርኩ። ለገዛ አጎቴ በአበባ ልሰስት?»

«ጥንድ አበባ ለመቃብር ነው፣ የእኔ ጌታ! በቁሙ ላለ ሰው ጎዶሎ ነው የሚሰጠው። እናትህ አልነገረችህም?»

«ነግራኛለች። የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ነው የሚምታታብኝ» አለና እስከ ጆሮው ቀላ።

ኔቬና ከመካከል አንዷን መዘዘች። «በል፣ አሁን አጎትህ ይድናል።»

«የወሰድሻትስ?»

«እሷማ የሐኪም ክፍያ ናት» ብላ ደረጃውን ወረደች።

አጎትየው ዳነ። ለነገሩ የተሰበረው ቁርጭምጭሚቱ ነበርና መዳኑ አይቀርም ነበር። ያቮር ግን ለሁሉም ሰው ያዳነችው አንዲት የማያውቃት ሴት እንደሆነች አወራ። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች እያወራ ሳለ ማንነቷንም ነገሩት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኔቬና ጂኦግራፊ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ አንዲት ነጠላ አበባ ይዞ ቆሞ አገኘችው።

«ሐኪሟን ላመሰግን መጥቼ ነው» አለ። «ቆጥሬዋለሁ። ጎዶሎ ነው።»

ያቮር ዳኑብን ወደ ሩማንያ በሚያቋርጠው ጀልባ ላይ መካኒክ ነበር። እጁ ቢታጠብ ቢታጠብ የናፍጣ ሽታ አይለቀውም፤ ኔቬና ግን ያንን ሽታ ከሽቶ ይልቅ ወደደችው። ማታ ማታ ወንዙ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ እየቆረጠሙ ያወሩ ነበር። ያልተወራውን ደግሞ ዝምታው ያወራላቸዋል። እሱ ቀና ብሎ ሲያያት እሷ ጀልባዎቹን የምታይ ትመስላለች፣ እሱ ወደ ወንዙ ሲዞር ደግሞ እሷ በዓይኗ ትሰርቀዋለች።

«እኔ ሆስፒታል ነፍሴ አይወድም» አላት አንድ ማታ። «ልጅ ሆኜ ሳንባዬን ታምሜ ተኝቼበታለሁ። ያ መብራት በፈረቃ የነበረበት የበረዶ ወራት ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት አይለኝም? እኔም እኮ ያኔ ሕፃናት ክፍል ነበርኩ። ነርስ ቦንካን ታውቃታለህ?»

«ቦንካ ቆርቆሮዋን!»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጮኹ። ቦንካ የመስታወት መርፌዎቿን የምትቀቅልበት የቆርቆሮ ሳጥን ነበራት። ክዳኑ ሲንኳኳ በክፍሉ ያለ ሕፃን ሁሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ይሸጎጣል። መብራት ሲጠፋባት ተመልሶ መጥቶ ውሃው እስኪፈላ የምትጠብቅበት ትዕግሥት አልነበራትም። ባትሪ አብርታ፣ ያንኑ መርፌ ይዛ ከአልጋ አልጋ ትዞራለች።

«የኔ አልጋ መስኮቱ ጋ ነበር» አለ ያቮር። «ከጎኔ አንዲት ልጅ ነበረች። ወይ ጩኸቷ! ተራዬ ሳይደርስ በእሷ ጩኸት ብቻ ሱሪዬን አርስ ነበር።»

ኔቬና አፏን ያዘች። «ያ ሱሪውን የሚያርሰው ልጅ አንተ ነህ?»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ያቮር እጇን ያዘና፣ «ሰው ጡት ተካፍሎ ያድጋል፤ እኛ ደግሞ መርፌ ተካፍለን አደግን» አላት። ንግግሩ ከመጠን በላይ ደስ አላት። እዚያው ወንበር ላይ፣ ይህን ሰው እንደምታገባው ለራሷ ነገረችው።

ሠርጉ ለመስከረም፣ ወይኑ ከተለቀመ በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። የያቮር እናት እትዬ ፔንካ ባሏ የሞተባት፣ በአንድ ልጇ ላይ ዓይኗን የተከለች ሴት ነበረች። ቢሆንም ኔቬናን ወደደቻት። እሑድ እሑድ በእርጎ የተለወሰ ሾርባ ስታቀርብላቸው፣ ያቮር አባቱ በተዉለት ማውጫ ጋን ያወጣውን የፕለም አረቄ ይቀዳ ነበር። «ይኼ እኮ መድኃኒት ነው» እያለ ለራሱ ደገም ያደርጋል። ፔንካ ትቆጣዋለች፤ እሱ ጉንጯን ስሞ ዝም ያሰኛታል።

የጊዮርጊስ ዕለት እንደ ልማዱ ጠቦት ተጠብሶ ከተበላ በኋላ ኔቬናን በቀኝ ጎኗ ወጋት፤ አልቆምም አለ። የሐሞት ጠጠር ነው ተባለ። አጣዳፊ አልነበረም፣ ግን ከሠርጉ በፊት ይውጣ ተብሎ ቀን ተቆረጠላት። እንደ ደንቡ አስቀድማ ለምርመራ ደም ልትሰጥ ሄደች።

«ይኼ ሁሉ ለምንድነው?» አለች ብልቃጡ በደሟ ሲሞላ እያየች።

«ለሁሉም ሰው ነው፣ እህቴ» አለቻት ነርሷ። «ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሁሉ ይመረመራል። በደም የሚተላለፍ ነገር ካለ ቀድመን ማወቅ አለብን፤ ላንቺም ለእኛም ጥሩ ነው።»

ኔቬና ጥጡን ክንዷ ላይ ጫን አድርጋ ወጣች። ያቮር ውጭ ይጠብቃት ነበርና አይስክሬም ገዛላት። ነገሩን ሁለቱም እዚያው ረሱት።

ሆስፒታል በገባችበት ቀን ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ገንቼቫ ወደ ቢሮዋ ጠራቻትና በሩን ዘጋች።

«ቁጭ በይ፣ ኔቬና። የደም ምርመራውን ሁለቴ አስደግሜዋለሁ። የጉበት ቫይረስ አለብሽ። ሄፓታይተስ ሲ ነው።»

«እኔ? እኔን እኮ ከሐሞቴ በቀር ምንም አያመኝም።»

«ክፋቱ እሱ ነው። ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ደም ተሰጥቶሽ ያውቃል?»

«ልጃገረድ እያለሁ፤ ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ።»

«እንግዲህ ምናልባት ያኔ ይሆናል። በዚያ ዘመን ደሙን ማን ይመረምረው ነበር?»

ያ «ምናልባት» ኔቬና ልብ ውስጥ ሲገባ እርግጥ ሆነ። ሌላ ምክንያት ለመፈለግ አልሞከረችም።

«እጮኛዬስ?»

«አብሮ በመብላት፣ በመሳሳም አይተላለፍም። በባልና ሚስት መካከል እንኳ እምብዛም ነው። ቢሆንም አምጪው፣ እሱም ይመርመር። ደግሞ ካሁን ወዲያ መጠጥ በአፍሽ እንዳይዞር። ጉበትን የሚጨርሰው ከሁሉ በላይ እሱ ነው።»

«መድኃኒት የለውም?»

«መርፌ አለ። ዓመት ሙሉ የሚወጉት፣ ከባድ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፤ የሚድንበትም የማይድንበትም አለ።» ሐኪሟ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ይህን የምናውቀው እኔና አንቺ፣ ከነገ ሠራተኞቼ ጋር ብቻ ነን።»

ኔቬና ያን ዕለት ለያቮር ልትነግረው ቆርጣ ነበር። ይህ ይመዝገብላት። ከቀዶ ሕክምናው ስወጣ፣ ስጠነክር እነግረዋለሁ አለች፤ ጥፋቷ ይቺ ብቻ ናት።

ሐኪሟ ቃሏን ጠበቀች። በኔቬና ላይ ያሳበቀው የቀዶው ተራ ነው። ማታ ላይ ነርሷ ብቅ ብላ፣ «ኔቬና፣ ነገ አንደኛ ያልንሽ ተቀይሯል፤ መጨረሻ ነሽ» ብላት ሄደች። ከጎኗ የተኙት እትዬ ስታንካ ሆዳቸውን ሲከፈቱ ሦስተኛቸው ነበርና የክፍሉን ሥርዓት ከነርሶቹ እኩል ያውቁ ነበር።

«መጨረሻ?» አሉ ከትራሳቸው ቀና ብለው። «መጨረሻ የሚያደርጉት እኮ ደሙ ደህና ያልሆነውን ነው። ከእሱ በኋላ ክፍሉን ከጣሪያ እስከ ወለል ያጥቡታል። ያን ጫማ ሰፊ አምና እንደዚሁ ነበር ያደረጉት። ምን አገኙብሽ ልጄ?»

«ሐኪሟ ሥራ በዝቶባት ነው፣ እትዬ።»

«ይሁን እንግዲህ» አሉ ስታንካ። ከዚያ በኋላ ግን የውሃ ብርጭቋቸውን ከኔቬና ብርጭቆ ራቅ አድርገው አስቀመጡት።

ያቮር በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ ዋለ። አበቦቹ በእጁ ላይ ጠወለጉ። ኔቬና ነቅታ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

«መጨረሻ ያደረጉሽ እኔን አይተው ነው» አላት። «ይኼ ሰውዬ የትም አይሄድም ብለው።»

ሳቀች፤ ስፌቱ አመማት። አፏን ልትከፍት ስትል ነርሷ ልታርፍ ነው ብላ አስወጣችው።

እትዬ ፔንካ የመጣችው ያቮር ሥራ በገባበት ሰዓት ነበር። የዶሮ ሾርባ ይዛ መጥታለች። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው እንጂ አልተቀመጠችም፤ ኔቬናንም አልሳመቻትም። ስታንካ ያን ጠዋት ወደ ቤታቸው ስለሄዱ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ።

«ስታንካን መንገድ ላይ አገኘኋት። ውሸት ነው በይኝ፣ ኔቬና።»

ኔቬና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ያቮር ያውቃል?»

«ዛሬ ማታ ልነግረው ነው።»

«እንዳትነግሪው!» ፔንካ የአልጋውን ብረት ጨበጠች። «ከነገርሽው አይተውሽም፤ ልጄን አውቀዋለሁ። አብሮሽ ይታመማል። አባቱን የቀበርኩት በጉበት ነው። ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ በእነዚህ እጆቼ እያገላበጥኩት። ደግሜ አልችለውም፣ ልጄ። አንድ ነው ያለኝ። ጤነኛ ነው፣ እንደ በሬ ነው፣ አንድ ቀን ራሱን አሞት አያውቅም። ተይልኝ።»

«እትዬ ፔንካ፣ ሐኪሟ እንደዚህ በቀላሉ አይተላለፍም ብላለች። ይመርመር ብቻ ነው ያለችው።»

«ጤነኛ ሰው ምን ብሎ ይመርመር? ለምን ተብሎ ነው? እንዲያው ትወጂው እንደሆነ፣ በምትወጂው ይዤሻለሁ። ማይልኝ።»

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ኔቬና ትከራከራት ነበር። ፊቷ ላይ ያየችው ግን ፍርሃት ብቻ ነው፤ ያው ፍርሃት በእሷም ልብ ነበር። ያቮር ቢጫ ሆኖ ታያት። ማለች።

ከሆስፒታል እንደወጣች ወንዙ ዳር፣ ያው ወንበር ላይ ቀጠረችው።

«አልወድህም፣ ያቮር። ሠርጉ ይቅር።»

መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ነበር። ከዚያ ፊቷን አየ። «ዓይኔን እያየሽ በይው።»

ዓይኗን ከወንዙ ሳትነቅል ደገመችው።

«ሌላ ሰው አለ?»

«አለ።»

ጀልባው ማዶ ደርሶ ጥሩንባውን ነፋ።

«አበባ መቁጠር ያውቃል?» አላት በመጨረሻ።

«ያውቃል።»

«በቃ ደህና ሰው ነው» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ኔቬና እንዳትጠራው ከንፈሯን ነከሰች። በማግስቱ ዋና ከተማው ሶፊያ፣ እህቷ ዘንድ ሄደች፤ አውቶብሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች።

ሶፊያ ውስጥ ሥራ አገኘች፣ መርፌውን ጀመረች። ትኩሳት ያንቀጠቅጣት፣ ጸጉሯ በማበጠሪያው ይወጣ ነበር። ዓመቱ አልቆ ቫይረሱ እንዳለ ነው አሏት። ከዚያ ብዙ ዓመታት ሄዱ። ሌላ ሰው አልቀረበችም። ሲጠይቋት ሥራ በዛብኝ ትላለች፤ እውነቱ ግን የናፍጣ ሽታ ባለፈባት ቁጥር ትዞር ነበር።

በመጨረሻ አዲስ ክኒን መጣ ተባለ። ጥቂት ወራት ዋጠችው፤ ከዚያ ደሟ ንጹሕ ነው አሏት። እንዲህ ቀላል ሆኖ ማለቁ ራሱ አናደዳት። ሄጄ ልንገረው ብላ ሻንጣ አወረደች፣ አግብቶ ይሆናል ብላ ደግሞ መልሳ ሰቀለችው። እንዲህ እያመነታች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«ኔቬና ነሽ? ፔንካ ነኝ» አለ ያረጀ ድምፅ። «ያቮር ለቡአ ሊቀደድ ገብቶ ነበር። ቀጠሮ ተይዞለት፣ ቀላል ነገር ነው ተብሎ። ደሙን አዩት።» ቀጥሎ የተሰማው ለቅሶ ብቻ ነው። «እሱም አለበት። ጉበቱ አልቋል፣ ዕጢ አብቅሏል አሉን። ሳይቀድዱት መለሱት። ነይልኝ፣ ልጄ።»

ኔቬና የያኔውን መንገድ በአውቶብስ ተመለሰች። ከእኔ ነው፣ ከእኔ ነው፣ ከእኔ ነው ስትል ደረሰች። ዳኑብ ላይ ድልድይ ተሠርቶ ጀልባው ከቆመ ቆይቷል። ያቮር ሥራው ከሄደ ወዲህ ትራክተር ይጠግን እንደነበር፣ ማታ ማታም ከአረቄው ጋር ይቀመጥ እንደነበር ፔንካ በር ላይ ነገረቻት።

አጥንቱ ወጥቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሆዱ ከብርድ ልብሱ ሥር ተነፍቷል። ሲያያት ግን ፊቱ ያው የድሮው ሆነ።

«አየሽ» አላት፣ «አሁንም አልጋዬ መስኮቱ ጋ ነው።»

ኔቬና ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከች። «ያቮር፣ ከእኔ ነው። የሐሞቴ ጊዜ ደሜን ሲያዩ አገኙብኝ። አልነገርኩህም። ከእኔ ነው የያዘህ።»

ያቮር ከትራሱ ቀና አለ። አሁን ገና ሁሉም ነገር እየገባው ነበር፤ ወንዙ ዳር ያለው ወንበር፣ ያ ሌላው ሰው፣ ሁሉም።

«አንቺም?» አለ። ከዚያ ጭራሽ ያልጠበቀችውን አደረገ። ሳቀ፤ ሳሉ እስኪያፍነው ሳቀ። «ሞኝ! ሐኪሙ ይኼ ጉበትህ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖረ ነው አለኝ። ልጅ ሆነህ መርፌ ተወግተሃል ወይ? ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ በዚያ ክፍል የተኛን ስንቶቻችን እንደሆንን እግዜር ይወቀው። ከአንቺ አይደለም፣ ኔቬና። ከቦንካ ቆርቆሮ ነው። ተካፍለን ነው።»

ተካፍለን። ኔቬና ያን ማታ ቃሉን እንዴት እንደወደደችው ትዝ አላት። መብራት የጠፋበት ክፍል፣ ባትሪው፣ ከጎኗ ያለው አልጋ፣ ሁሉም በእጇ ነበር። ሐኪሟ «ይመርመር» ስትላት ይዛው ብትሄድ ኖሮ አረቄውን ያኔ ይተው ነበር። ክኒኑ ሲመጣም አብሯት ይውጠው ነበር። ጤነኛ ነው ብላ አዳነችው፤ በዚያው ገደለችው።

እሱም ያንኑ እያሰበ እንደነበር ከዓይኑ አወቀች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። አልተቆጣም። መጠየቁ ብቻ ነበር።

ፔንካ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ኔቬና ቀና ብላ አየቻት፤ ሴትዮዋ ፍርዷን እንደምትጠብቅ ሰው ዓይኗን ጨፍናለች።

«ፈራሁ» አለች ኔቬና። «ትተወኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ? አንቺን?» እጇን ፈልጎ ያዘ። «ያ ሰውዬስ? ያ አበባ ቆጣሪው?»

«ሰው አልነበረም።»

«ጠርጥሬ ነበር። ሶፊያ ድረስ መጥቼ ልጠይቅሽ ትኬት ሁሉ ቆርጬ ነበር። ኩራቴ ያዘኝ።» ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። «እኔም ሞኝ ነኝ።»

የዚያን ቀን ኩሽና ውስጥ ፔንካ ክንዷን ያዘቻት። «ለምን በእኔ አልፈረድሽም? እኔ መሆኔን ለምን አልነገርሽውም?»

«አንድ እናት ናት ያለችው» አለች ኔቬና። ፔንካ ማድቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች። ኔቬናም አብራት ተቀመጠች፤ ተቃቅፈው ድምፃቸውን አፍነው አለቀሱ።

ኔቬና ወደ ሶፊያ አልተመለሰችም። ታጥበዋለች፣ ጋዜጣ ታነብለታለች፣ ትከራከረዋለች። ደህና ሲሆን ስለ ጀልባው ያወራል። ሲብስበት እጇን ይዞ ዝም ይላል። ያ ዝምታ እንደ ድሮው ብዙ ያወራ ነበር። አንድ ማለዳ እጇ በእጁ እንዳለ ሄደ።

በአርባው ዕለት ሁለቱ ሴቶች የተቀቀለ ስንዴ በሳህን ይዘው ወደ መቃብሩ ወጡ። በሩ ላይ ያለችው አበባ ሻጭ ለማን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ በቀጥታ አራት ቀይ ካርኔሽን ቆጥራ ሰጠቻቸው። ፔንካ ሻማውን አበራች። ኔቬና አበባውን አፈሩ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ትንሽ ቆማ፣ ጎንበስ አለችና ከመካከል አንዷን መዘዘች።

«ልጄ፣ ጎዶሎ ሆነ እኮ» አለች ፔንካ። «ለሞተ ሰው ጥንድ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እማማ» አለች ኔቬና። «እሱ ግን ሁልጊዜ ይምታታበት ነበር።»

ፔንካ ስንዴውን በትና ጨረሰች፣ ሳህኑን በሻርቧ ጠቀለለች። ኔቬና አበባዋን በአንድ እጇ፣ አሮጊቷን በሌላው ይዛ ዳገቱን ቀስ ብለው ወረዱ።